የጀልባዋ እርሳስ

አናጢው ሀብተወልድ ከከተማዋ ኤረር በር ውጭ ባለው የሥራ ቤቱ ወለል ላይ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቷል። ከአጠገቡ ክንድ የምታህል ባለ ሸራ ጀልባ አለች። ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው የእርሳስ ብረት ተጠርጓል፤ በመሐሉ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል።

መርማሪው ባላምባራስ ኪዳነወልድ አንድ ቦታ መቆም አልሆነለትም። ደጁ ላይ ከሳሹ እንደሻውና ተከሳሹ ቀጥቃጭ ዐብዱልጀሊል በኩታቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይጠብቁታል። ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ዐብዱልጀሊል ዛሬውኑ ወህኒ ይወርዳል። የግቢው ዘበኛ እንደሚለው ትናንት ወደ ግቢው የዘለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«እርሳሱን ያቀለጠው እሱ ነው» አለ እንደሻው። «ማታ በደጅ ሳልፍ ‹ከብዷል› ‹አልከበደም› እየተባባሉ ሲጣሉ ሰምቻለሁ።»

«ወላሂ ጌታዬ፣ ጠብ አይደለም» አለ ዐብዱልጀሊል። «ሀብተወልድ ‹ልፋቀው› አለኝ፣ ‹ተወው› ብዬው ሄድኩ።»

እውነትም ጠረጴዛው ላይ የእርሳስ ፍቅፋቂ ነበረ። ባላምባራስ ጣቱን ከጀልባዋ ሥር ሰደደና ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ።

«እመት ጽጌሬዳ፣ ጀልባዋ ለምን ተሠራች?»

«ለነገው ውድድር ነው፣ ጌታዬ። ጀልባ ሳይገለበጥበት ኩሬውን ያሻገረ አናጢ ጅቡቲ ሄዶ የመርከብ ሥራ ይማራል። ለመጨረሻው የቀሩት አናጢዎች ባሌና እንደሻው ነበሩ።»

«ያቺ ሰካራም ጀልባ ትሻገራለች ብዬ አልፈራሁም» አለ እንደሻው። «ነፋስ በነካት ቁጥር ትተኛ ነበር።»

ባላምባራስ ሁሉንም ኩሬው ዳር ሰበሰበ። «በል አናጢው፣ እርሳሱን ከቦታው አድርገህ ልቀቃት።»

እንደሻው እርሳሱን ሆዷ ውስጥ አስቀምጦ ለቀቃት። ነፋስ መጣ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች።

«አሁን አንቺ።»

ጽጌሬዳ ጀልባዋንና እርሳሱን ከውሃው አውጥታ ጀልባዋን ገለበጠች። ከሥሯ ቀጭን ሳንቃ ወደ ታች ወርዷል። የእርሳሱን ስንጥቅ በሳንቃው ጫፍ ላይ አጥልቃ ምስማር ሰካችበት። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋው ጀልባዋ ዘንበል አለች፤ መልሳ ቀና ብላ ሄደች።

«ትናንት ከሰዓት እንዲህ ስትሄድ ያየነው እኔ፣ ባሌና ዐብዱልጀሊል ብቻ ነን» አለች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ባላምባራስ። «ሀብተወልድ እርሳሱን ያወለቀው ሊፍቀው ነው። ገዳዩ በዚያው እርሳስ መታው፤ ጠርጎም ማንም እንዳልነካው ለማስመሰል ወደ ቦታው መለሰው። ዐብዱልጀሊል ቢሆን ከሥሯ ሰክቶ ኩሬው ላይ ይለቃት ነበር፤ ደሙን ውሃው ያጥብለታል። ሆዷ ውስጥ የከተተው አዲሱን ቦታ ያላየ ሰው ነው።»

«ድንጋይ የሚጭንባት ሁልጊዜ ሆዷ ውስጥ ነበር» አለ እንደሻው ቀስ ብሎ። «ሥሯን መች አየሁ… ‹ነገ ታያታለህ› ብሎ ሳቀብኝ።»

ዘበኛው የኩታቸውን ቋጠሮ ሊፈታ ቀረበ።

«ተወው፣ እንደታሰረ ይሁን» አለ ባላምባራስ። «ከሳሹና ተከሳሹ ብቻ ይለዋወጡ።»

ዐብዱልጀሊል ኩታውን ሳብ አድርጎ እንደሻውን ፊት ፊት ወደ ኤረር በር መራው።