ያልተቀመሰው ጠላ

ወረቀቱን ከባቄላው ጆንያ ውስጥ ከተተችው።

ዞር ብላ አላየችም። ማየት ክልክል ነው። «ገብስ» የሚባለው የመንግሥት ሰው መጥቶ ያነሣዋል፤ እሷ ፊቱን አታውቅም፣ እሱም የእሷን አያውቅም። የእሷ የምስጢር ስም «ተልባ» ነው። ዓርብ ቀን አርብ ገበያ ከተማ ሰውና አህያ ተጋፍቶ መላወሻ የለም። ፈትለወርቅ ግን ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ መሰላት።

ወረቀቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የተሰረቀው የብራና ድጓ ዛሬ ከቀትር በኋላ በበቅሎ ወደ እስቴ ይወጣል።

ይህን የሰማችው ከሌቦቹ አፍ ነው። ሁለቱ ስፔናውያን «ዕፅዋት አጥኚ ነን» ብለው በወይዘሮ ተሾመች ቤት አርፈዋል፤ በገዛ ቋንቋቸው እንዳሻቸው ያወራሉ። ጠላ የምትቀዳላቸው የስማዳ ልጅ በ1957 ዓ.ም. ስፔን አገር ሳላማንካ ከአንዲት ባልቴት ቤት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ ስፓኒሽ እንደተማረች ማን ይጠርጥር! ባልቴቷ ሌላ ቋንቋ ያወራ እራት አይበላም ባይ ነበረች። ፈትለወርቅ ጦሟን እያደረች ለመደችው፤ በኋላማ ሕልሟም በስፓኒሽ ሆነ።

ተሾመች የእውነት አክስቷ አይደለችም። ሟች ባሏ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ድጓ ሲያዜም የኖረ ነው፤ ደብሩ ሌላ የለውም። ስለዚህ «የወንድሜ ልጅ ናት» ብላ አስጠጋቻት።

ፈትለወርቅ ከገበያ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ የስፔናውያኑ በቅሎ ነጂ ይግዛው ገባ። ለጺማሙ ስፔናዊ አንድ ነገር አቀበለው።

ወረቀቷን።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ! «ገብስ» ይግዛው ኖሯል።

ጺማሙ ፈገግታውን ሳያጠፋ ለጓደኛው በስፓኒሽ፣ «ከዚህ ቤት ቋንቋችንን የሚሰማ አለ። ፊታቸውን እይ» አለው።

ፈራች። እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ዋንጫውን ሞላችና ለይግዛው ዘረጋችለት።

አልተቀበላትም።

«አልቀመስሽም» አላት።

እውነቱን ነው። የስማዳ አገር ሴት ከመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም፤ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ሳላማንካ ግን ማንም ለማንም አይቀምስም። ያ አንድ ዓመት ልማዱን ከእጇ አጥፍቶታል።

«ዓርብ አይደል?» አለች ተሾመች ከጓዳ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ናት።»

«ጠዋት ገበያ ቆሎ ስትቆረጥም አይቻታለሁ።»

የይግዛው እጅ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«ልጅቱን ተዋት» አለች ተሾመች ወጥታ። «የጻፍሁት እኔ ነኝ። ባሌ ፊደል አስቆጥሮኛል።»

«የነጮቹን ቋንቋስ ማን አስተማረሽ?»

«በቅሎ ሲጫን ለማየት ቋንቋ ምን ያደርጋል?»

አመናት። እጇን የፊጥኝ አሰራት። ጺማሙ በስፓኒሽ፣ እዚህ ከተኮስን ገበያተኛው ይመጣብናል፣ ይዘናት እንሂድና ገደሉ አፋፍ ላይ እንገላገላት አለ። ፈትለወርቅ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ብትጮኽ እሷንም ተሾመችንም ገድለው ድጓውን ይዘው ይሄዳሉ። ዝም ብትል ተሾመች ትሞታለች።

ተሾመች ዐይኗን ከእሷ ላይ ሳትነቅል፣ «ሂጂ ውኃ ቅጂ፣ ምን ይገትርሻል!» ብላ ተቆጣቻት።

እንስራዋን አዘለች። ቀስ ብላ ወጣች። አጥሩን እንዳለፈች እንስራውን ጥላ የመንግሥት ታጣቂዎቹ ነጭ ለባሾች ወዳሉበት ሮጠች።

ነጭ ለባሾቹ ቁልቁለቱ ላይ ደረሱባቸው። ሦስቱም ተያዙ። ድጓው አንድ ቅጠል ሳይጎድልበት ከጭነቱ መሐል ወጣ።

ተሾመችን ግን ከገደሉ ሥር አነሷት።

ቀብሯ በትውልድ አገሯ በእስቴ ሆነ። እዚያ ፈትለወርቅን የሚያውቅ የለም። የተሾመች እህት ዓለሚቱ ፊቷ በእንባ ርሶ ለቀስተኛውን ስታስተናግድ ከፈትለወርቅ አጠገብ ደረሰች።

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

ፈትለወርቅ ልትነግራት ፈለገች። በእኔ ፈንታ ሞተች ልትላት ፈለገች። የአለቆቿ ትእዛዝ ግን ስምሽን ሳታስነሺ ውጪ የሚል ነው።

«መንገደኛ ነኝ» አለች።

«ሳታውቂያት መቆምሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለችና ዓለሚቱ አንድ እፍኝ ንፍሮ ሰጠቻት።

ፈትለወርቅ ንፍሮውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን መንገድ ያዘች።