የጥይት ፀጉር

ማበጠሪያው ሲወርድ ፀጉሩም አብሮት ወረደ። ሚዶ እጇን አቆመች። በማበጠሪያው ጥርሶች መካከል የቀረው አንድ ሁለት ዘለላ አልነበረም፤ ጭብጥ ይሞላል።

«ሚዶ» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እናቷ የዚህ ፀጉር ቤት ባለቤት ስለሆነች። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን ደግሞ ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ጥይት» ይላታል። በስምንት መቶ ሜትር የሚቀድማት ሴት የለችም። ወንዶቹ እንኳ አብረዋት መሰለፍ አይወዱም።

«ምነው ቆምሽ? ቶሎ ሥሪኝ እንጂ፤ ቅዳሜ ውድድር አለብኝ» አለች ጥይት።

«ፀጉርሽ እየረገፈ ነው።»

«ሻምፑ ቀይሬ ነው ባክሽ።»

ሚዶ አንዱን ዘለላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ውጭው ዳምኖ ብርሃኑ ደካማ ቢሆንም፣ ጫፉ ላይ እንደ ስፒል ራስ ያለች ነጭ ነጥብ ታየቻት። መጥፎ ሻምፑ የጎዳው ፀጉር መሀሉ ላይ ይበጠሳል። ይሄኛው ግን ከነሥሩ ነው የወጣው። ፀጉር ቤት ውስጥ ላደገች ልጅ ይህ አይጠፋትም።

የባዮሎጂ መምህሯ ባለፈው ሳምንት ያስተማረችው ትዝ አላት። «እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ትንንሽ ምድጃዎች አሉ» ብላ ነበር። «ማገዶው የምንበላው ምግብ ነው። የፀጉር ሥር ሴሎች ደግሞ ለመባዛት ከሚቸኩሉት መካከል ስለሆኑ ብዙ ጉልበት ይፈጃሉ። ማገዶ ሲያንስ ሰውነት ልብና አንጎልን ያስቀድማል፤ ፀጉርን ለኋላ ያቆየዋል። ፀጉሩ ግን በዚያው ቀን አይወድቅም። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚያሳብቀው።»

አንድ ልጅ ከኋላ ተነስቶ «እንዲያ ከሆነ ዳይሬክተራችን ምሳ በልቶ አያውቅማ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «የእሱ መላጣ የዘር ነው፤ ተቀመጥ» አለችው መምህሯ፣ እሷም ሳቋን እየዋጠች።

ሚዶ ወደ ኋላ ቆጠረች። የዛሬ ሦስት ወር አሠልጣኙ ጥይትን ለቅዳሜው ውድድር መረጣት። «ሁለት ኪሎ ብትቀንሺ ማንም አይዝሽም» ያላትም ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት ትጠፋና «ቤት በልቼ መጣሁ» ትላለች። ቤቷ ግን የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ሚዶ ሁለቱንም ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን አላገናኘቻቸውም።

«ዛሬ ምን በላሽ?» አለቻት።

በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«መርማሪ ሆንሽ እንዴ?»

«መልሺልኝ።»

ጥይት ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከክፍሉ ማዶ የሚዶ እናት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ደንበኛ ፀጉር ደርቆ እንደሆነ ትዳብሳለች። «ውሃ ጠጣሁ። ማታ ማታ ትንሽ እቀምሳለሁ። ቅዳሜ ይለፍልኝና እበላለሁ። ለእናትሽ ከነገርሻት እናቴ ጆሮ ይደርሳል፤ ከዚያ ከቡድኑ ወጣሁ ማለት ነው። አልናገርም በይ። እናቴ ትሙት በይ!»

ሚዶ አልማለችም። «እየሮጥሽ ምንም አይሰማሽም?»

«ማክሰኞ ዓይኔ ጨለመብኝ። ጫማ የማስር መስዬ ተቀመጥኩ፤ ማንም አልነቃብኝም።» ጥይት ሳቀች። ብቻዋን ነው የሳቀችው።

ሚዶ ጎንጉና ልትጨርስ ስትል እናቷ መጣች። «ውይ የኔ ልጅ፣ እንዴት ነው የሳሳው! ምን ነካሽ?»

«ሻምፑ ነው፣ እትዬ።»

«የዘንድሮ ሻምፑ! እኔ የማጥብበትን እሰጥሻለሁ፣ አይዞሽ» አለችና ፎጣዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ሚዶ የመጨረሻውን ጉንጉን ጫፍ ቋጠረች።

ጥይት ተነስታ ሹራቧን ለበሰች። ሚዶ እስከ በሩ ሸኘቻት። ማካፋት ጀምሯል።

«ለእማዬ ልነግራት ነው» አለች ሚዶ።

«ምን?»

«ከጀርባሽ እንዳይሆን ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ። አሁን ስገባ እነግራታለሁ።»

ጥይት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበትን! ከነገርሻት አላውቅሽም፤ አታውቂኝም።»

«እሺ» አለች ሚዶ።

ጥይት ዝናቡ ውስጥ ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ቤቷ የሚወስደውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ትወጣው ነበር። አሁን መሀሉ ላይ ቆመች፤ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ ኋላ ሳትዞር ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች።

ሚዶ ጓደኛዋ ከዓይኗ እስክትሰወር ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ከቧንቧው ሥር ፎጣ ታሻለች።

«እማዬ፣ ውሃውን አንዴ ዝጊው።»