ከለቅሶ የመጡት ጀማሪዎች

ማመን ያቃተው ሰው አይፈረድበትም። ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር... ግን የደረሰው በእኔ በሬናን ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ቦታው ዱማጌቴ ከተማ፣ የአክስቴ የሎርና የተዘጋ ኢንተርኔት ቤት።

እዚያ ጌም መሥራት ለሚፈልጉ ጀማሪዎች ቡድን ካቋቋምኩ ቆየሁ። የሚመጣው ግን ጓደኛዬ ኤልመር ብቻ ነበር። አክስቴ መረራት። ዛሬም ወንበሮቹ ካልሞሉ ቤቱን ለልብስ ሰፊ አከራየዋለሁ ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ሌላ ቦታ ደግሞ የለኝም።

በሩ ተከፈተ።

ኤልመር ነው... ከኋላው ሰው በሰው ላይ።

ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። አንዳቸውም አይስቁም።

"ከዳርዊን ለቅሶ ነው የመጣነው" አለኝ ኤልመር በሹክሹክታ።

ዳርዊን የአጎቱ ልጅ ነው። ቡድኑ ውስጥ እገባለሁ፣ እመጣለሁ ሲል የሞተር ሳይክል አደጋ ቀደመው።

እኛ ጋ ከለቅሶ ተነስቶ ቀጥታ ቤት መግባት የለም። ሟቹ ተከትሎ እንዳይገባ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ አረፍ ተብሎ ይራገፋል። ሌላው ሰው ዳቦ ቤት ጎራ ይላል። እነዚህ እኔ ጋ መጡ።

ሂዱልኝ ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም። ወንበሩ ሞላልኝ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ።

ኮምፒውተር ላይ ሰው ሥለው እንዴት እንደሚያስኬዱት አሳየኋቸው። አክስቴ ብቅ ብላ አየችና ፈገግ ብላ ሄደች። ቤቱ ተረፈልኝ።

ብዙም ሳይቆዩ ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ልብሳቸውን እርግፍ እርግፍ አደረጉ...

ወደ ውስጥ።

ብቻዬን ኮምፒውተሮቹን ማጥፋት ጀመርኩ። ጥግ ያለችው ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር። ኪቦርዷ ከተበላሸ ቆይቷል።

ስክሪኗ ላይ ግን አንድ የተሣለ ሰው ይሄዳል።

ነጭ ሸሚዝ። ባዶ እግሩን።

እኛ ሟች ስንቀብር ጫማ አናደርግለትም።

ሰውየው ቆመ... ወደ እኔ ዞረ።

መብራቱን እንኳ ሳላጠፋ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ለኤልመር ደወልኩና ያየሁትን ነገርኩት።

"ሬናን... ቀጥታ ወደ ቤት ነው የሄድከው?"

"አዎ።"

"የትም ሳትቆም?"

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ።

እናቴ ከበሩ በኩል ጠራችኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጓደኛህን እንዲህ ውጭ ትገትረዋለህ? ባዶ እግሩን ነው እኮ።"

ሮጬ ስደርስ የአባቴን ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ደፉ ላይ አስቀምጣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለች።

"ግባ የኔ ልጅ" ትላለች።

ውጭ ማንም የለም።

ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አላውቅም። ጠዋት ነጠላ ጫማው ከደፉ ላይ ጠፍቷል። እናቴን ብጠይቃት አላነሳሁትም አለችኝ።

ክፍሌ ስመለስ ኮምፒውተሬ በርቷል... እኔ አልከፈትኩትም።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው ስክሪኑ ላይ ይሄዳል። ቀስ ብሎ። ዞር ሳይል።

እግሩ ላይ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አድርጓል።