የፍሰሐ ገጀራ

ኢንስፔክተር ዕፀገነት ስትደርስ ሬሳው ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበት ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የጌጃ ሰፈርን ቀጭን መንገድ አጨቅይቶት፣ መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቁማ በእግሯ ነው የገባችው። ደህና እንቅልፍ ካገኘች ሰንብታለች፤ የያዘችው ሌላ የሞት ጉዳይ ገና አልተዘጋም።

ሳጅን ኢዶሳ በግቢው በር ላይ ተቀበላት።

«አደጋ ይመስላል» አለ። «ፍሰሐ ይባላል፤ የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው። እንደ ልማዱ ጠዋት እንጨት ሲከተክት ጭቃው አዳልጦት፣ ጭንቅላቱ ከመፍለጫው ግንድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል።»

ዕፀገነት ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል። ትልቁ ገጀራ ቀኝ እጁ አጠገብ ወድቋል። ከጭንቅላቱ የፈሰሰው ደም ግንዱ ሥር ረግቷል። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከረጋው ደም ላይ ነጫጭ የእንጨት ፍንጣሪዎች ተበትነዋል። አንዱን በጥፍሯ አነሳችው፤ ከሥሩ ደም ነክቶታል፣ ከላዩ ግን ንጹሕ ነው።

ከክምሩም ሁለት እንጨቶች መረጠች። አንዱ በሰያፍ፣ በአንድ ምት ጥርት ብሎ ተቆርጧል። ሌላው ዙሪያውን ተጫጭሮ፣ ተደብድቦ ተደብድቦ በመጨረሻ በእጅ የተሰበረ ነው።

«ማንም ሰው ከግቢው እንዳይወጣ» አለች።

የሟቹ ሚስት ሠርካዲስ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብሷን አልቀየረችም።

«ዛሬ ልደታ አይደለች? ኪዳን ላደርስ ማልጄ ወጣሁ። ስወጣ ፍሰሐ ገና ሥራውን መጀመሩ ነበር። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ለመጣላትም አቅም ይጠይቃል፣ ኢንስፔክተር። አማቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ እዚህ ቤት ሰው አይተኛም። እሳቸውም አይተኙም።» ዓይኗን ጠረገች። «ልንወጣ ነበር። አያት ሰፈር ቤት ተከራይተናል። ፍሰሐ ዛሬ ጠዋት ለወንድሙ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ነገረው?»

«እኔ አልነበርኩም።»

«እናትየውን የሚያስታምመው ማነው?»

«ኃይለመለኮት ነዋ፣ ታናሽየው። ሥራውንም ትቶ፣ ትዳር ሳይይዝ። ፍሰሐ እንጨት ይከተክታል፤ የእማማ የገላ ውሃ የሚሞቀው በሱ ነው። ከዚያ ያለፈ ነክቶ አያውቅም። ገጀራው ዝም ሲል እማማ በመስኮት ‹ፍሰሐዬ፣ ጨረስክ?› ብለው ይጠሩታል። እንጨቱን ይዞ ይገባል። አንድም ቀን ሳይጠሩት ቀርተው አያውቁም።»

ጀይላን የአጥሩ ጎረቤት ነው፤ ብየዳ ቤት አለው። ውሃ የሚቀዳው ከዚሁ ግቢ ስለሆነ የበሩ ቁልፍ በእጁ ነው።

«ከፍሰሐ ጋር ትጣላላችሁ ይባላል» አለችው።

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ምን እደብቃለሁ? እንጨቱን የቤቴ የኋላ በር ላይ እየከመረ መውጫ አሳጣኝ። ታዲያ ጎረቤት በእንጨት ይገዳደላል?»

«ዛሬ ሲከተክት ሰምተሃል?»

«እንዴት አልሰማ! መጀመሪያ ትንሽ መታ መታ አደረገ፣ ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ ቀጠለ። አላበቃ ሲል ምን ነካው ዛሬ ብያለሁ።»

«ሲያበቃ እናቱ ሲጠሩት ሰማህ?»

ጀይላን ግንባሩን አከከ። «አልጠሩትም። መብራት ስላልነበረ ሥራ አልጀመርኩም፤ ቢጠሩት እሰማ ነበር። አሁን ስትዪው ነው ልብ ያልኩት።»

ዕፀገነት ወደ እናትየው ክፍል ገባች። ወይዘሮ ፀሐይቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ኃይለመለኮት ከጎናቸው ተቀምጦ አጥሚት ያጠጣቸዋል። ጉንጩ ገብቷል፤ ጺሙ አድጓል። ኩባያውን የያዘው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው።

«የት ነበርክ?»

«ጓሮ። አንሶላ ሳጥብ። ገጀራው ዝም ሲል ጨርሶ የወጣ መስሎኝ...»

«እማማ፣ ዛሬ ፍሰሐን ጠርተውታል?»

አሮጊቷ አልዞሩም። «እንቅልፍ ይዞኝ ነበር» አሉ።

ዕፀገነት ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ነገሩ ገብቷታል፤ መግባቱ ግን ምንም አላስደሰታትም። ሁሉንም ወደ ክፍሉ አስጠራቻቸው። እናትየውን ማንሳት ስለማይቻል ሌላ ቦታ አልነበረም።

«ፍሰሐ አዳልጦት አይደለም የሞተው» ብላ ጀመረች። «አዳልጦት ቢሆን ፍንጣሪው ከደሙ ሥር በሆነ። እኔ ያገኘሁት ከደሙ በላይ ነው። እሱ ከወደቀ፣ ደሙም ከፈሰሰ በኋላ ሌላ ሰው ገጀራውን አንስቶ እንጨት ከትክቷል።»

ሠርካዲስ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንቺ አይደለሽም። በዚያ ጭቃ ውስጥ ያን ያህል የከተከተ ሰው ነጭ ልብሱ እንደዚህ አይቆይም። ጀይላንም አይደለም። ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ እጅ እንጨቱን እንዲያ አያበላሸውም። የከተከተው እጁ ገጀራ ያልለመደ ሰው ነው። ኃይለመለኮት፣ መዳፍህን አሳየኝ።»

ኃይለመለኮት እጁን ጭኖቹ መካከል ደበቀ። «አንሶላ ሳሽ ነው» አለ።

«አንሶላማ ዘወትር ታጥባለህ። ቆይ፣ አልጨረስኩም። ገዳዩ ለምን ከተከተ? ዝም ካለ እማማ እንደሚጣሩ ስለሚያውቅ ነው። መልስ ካጡ ይጮኻሉ። የሚያደርገውን እስኪያስብ የገጀራውን ድምፅ ማቆየት ነበረበት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በመጨረሻ ግን ገጀራው ዝም ሲል እማማ አልጠሩም። እዚህ ቤት እሳቸው እንደማይተኙ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፍሰሐ አለመሆኑን ከምቱ ለይተዋል። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጡት ነበር። ልጃቸው መሞቱን እያወቁ ዝም የሚሉት ለማን ነው? ለሌላው ልጃቸው ብቻ።»

ኃይለመለኮት ቀስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

«‹ከነገ ጀምሮ የለንም› አለኝ» አለ። «እያየኝ እንኳ አይደለም፤ እንጨቱን እያስተካከለ። ‹አንተ ለምደኸዋል› አለኝ። ገፈተርኩት። ለመግደል አልነበረም። ብጠራው፣ ብጠራው አልመለሰልኝም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከግድግዳው ሳይዞሩ። «ስትጠራው ሰምቻለሁ። ሁለታችሁንም ባንድ ጠዋት ላጣ ነው? እንዴት አድርጌ ልጩኽ?»

ኢዶሳ ካቴናውን አወጣ። ዕፀገነት በዓይኗ ከለከለችው።

«ከመሄዱ በፊት ያገላብጠኝ» አሉ እናትየው። «ጎኔን አቃጠለኝ።»

ኃይለመለኮት ተነሳ። አንድ ክንዱን ከትከሻቸው፣ አንዱን ከጉልበታቸው ሥር አስገብቶ ወደ ሌላው ጎን አዞራቸው። ልብሳቸውን አቃናና ሠርካዲስን ዞሮ አያት።

«ቁስሉ እዚህ ጋ ነው» አላት። «ትራሱን ወደ ወገባቸው ጠጋ አድርጊው። ማታ ማታ ይብሳል፣ አትቸኩዪ።»

ሠርካዲስ የባሏን ወንድም ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ትራሱን ከእጁ ተቀበለችው።