«ኾቶሕ»ን የጻፈው ማነው?

የእንቆቅልሹ ወረቀት የልጅቷ ነበር። የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ተለጥፎ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያነበዋል። ከላይ በትልቁ «ኾቶሕ ምንድን ነው?» ይላል። ከግርጌው የተጻፈው ስም ግን የቅርብ ጓደኛዋ፣ የሳቂታዋ ስም ነው።

ሁለት ሳምንት ደክማበታለች። ነገሩን ያገኘችው ከአክስቷ ነው። አክስቷ ባቡር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጽፍ ኖራለች፤ የምትጽፍበት ቋንቋ ኮቦል ይባላል። «አርጅቷል ብለው ይስቁበታል» ትላለች፣ «ባቡሮቹን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ግን እሱ ነው።»

ልጅቷ ስሙን ወደደችው። ሦስቱን ፊደላት ብታገላብጣቸው ስድስት ዓይነት አደራደር ሰጧት፦ ኮቦል፣ ኮልቦ፣ ቦኮል፣ ቦልኮ፣ ልኮቦ፣ ልቦኮ። ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል በፊደል ገበታው ላይ ተከትሎት በሚመጣው ተካችው፤ ከ በኸ፣ በ በተ፣ ለ በሐ። ኮቦል «ኾቶሕ» ሆኖ ቁጭ አለ። ከወረቀቱ ግርጌም «ለአክስቴ» ብላ ጻፈች፤ የራሷን ስም ግን ረሳችው።

ሰኞ ጉንፋን ሲጥላት «ለቲቸር ስጪልኝ» ብላ ለሳቂታዋ አደራ ሰጠቻት። አሁን «ለአክስቴ» የሚለው በነጭ ማጥፊያ ተቀብቶ፣ የሳቂታዋ ስም በላዩ ላይ ጉብ ብሏል።

የኮምፒውተር ክበቡ አስተማሪ ብቅ አሉ። «ይሄን የሠራችው ልጅ ዓርብ በከተማው ውድድር ትወክለናለች። አጨብጭቡላት!»

ጭብጨባው ቀለጠ። የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

በእረፍት ሰዓት ሳቂታዋ እጇን ይዛ ደረጃው ሥር ወሰደቻት።

«ስሚኝማ፣ አትቆጪ። ቲቸር ‹የማን ነው?› ሲሉኝ አፌን አዳለጠኝና ‹የኔ› አልኩ።»

«ማጥፊያውንም የቀባሽው አዳልጦሽ ነው?»

ሳቂታዋ መሬት መሬት አየች። «አንቺኮ ጎበዝ ነሽ፤ ሌላ ትሠሪያለሽ። ለኔ አንድ ቀን እንኳ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብቻ… ‹ኾ› ከየት እንደመጣ አስረጂኝ። ዓርብ መጠየቄ አይቀርም።»

«ኧረ ባክሽ! ሰርቀሽኝ ደግሞ ላስጠናሽ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! የኔን ሥራ መውሰድሽስ እሺ፤ አክስቴ ምን አደረገችሽ?»

ልጅቷ ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላት። አሳስታ ብታስረዳትስ? ወደሚከተለው ሳይሆን ወደሚቀድመው ፊደል ነው ብትላትስ? ዓርብ ሰው ሁሉ ፊት ጉድ ትሆናለች። ይበላት!

«እሺ፣ ነገሩ እንዲህ ነው…» ብላ ጀመረች። ሳቂታዋ ደብተሯን ከፍታ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ዓይኗን ልጅቷ አፍ ላይ ተከለች።

ልጅቷ ቃሉን ዋጠችው።

«አላስረዳሽም» አለች። «ቲቸር ቢሮ አሁን ልሄድ ነው። አብረሽኝ ከመጣሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ካልመጣሽ እኔ እናገራለሁ።»

«ከዚህ በኋላ ጓደኛሞች አይደለንም ማለት ነው?»

«አላውቅም። አሁን ተናድጃለሁ፤ አትጠይቂኝ።»

ደረጃውን ወጣች። ኮሪደሩ መሐል ስትደርስ ከኋላዋ የጫማ ኮቴ ሰማች፤ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይከተላል። አልዞረችም። የቢሮውን በር አንኳኳች።

«ይግቡ» አሉ አስተማሪው።

ንዴቷ አልበረደላትም። ቢሆንም በሩን ከፍታ ይዛ፣ ሳቂታዋ እስክትደርስ ጠበቀች።