አንድ ጎማ ለእሑድና ለሰኞ

«ጎማውን ሊወስዱ ከሆነ የመጡ፣ ሬሳው ከደጄ ሳይነሣ አላስነካም» አለች የብርጓል፣ በሩን በሁለት እጇ ይዛ።

ሃምሳ አለቃ አንለይ ባርኔጣውን አወለቀ። የዕረፍት ቀኑ ስለ ነበር ኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው የመጣው፤ መለዮ ያልለበሰ ፖሊስ ደግሞ ከጎማ ነጋዴ ተላላኪ በምን ይለያል?

«እኔ ጎማ ምን ያደርግልኛል እህቴ፤ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። ከጣቢያ ነው የመጣሁ።»

አፍራ አሳለፈችው። የጎማ ነጋዴው ሐምዱ የላከው መስሏት ነበር።

ሬሳው የባሏ የአስማማው ነው። ሰማያዊ ፊያት መኪናው የግራ የኋላ ጎማዋ ተፈትቶ ሳለ ካነሣት ክሪክ ላይ ወርዳ ደረቱ ላይ አረፈች። ዝናቡ ካባራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የብርጓል ከገበያ ስትመለስ አገኘችው፤ ጎረቤት ተረባርቦ ቢያወጣውም ነፍሱ ወጥታ ነበር።

በዚያ በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ደብረ ማርቆስ የሚሽቀዳደሙ ሁለት መኪኖች ነበሯት። ሌላው ከተማ ስንት እንዳለው የጠየቀ ሰው ስላልነበረ፣ ሁለቱ ለኩራት ይበቁ ነበር። አንዷ የአስማማው ፊያት፣ ሌላዋ የእንዳላማው ኦፔል ናት። በአዘቦት ወደ ይጁቤ ሰው ያመላልሳሉ፤ እሑድ ግን በአውሮፕላኑ ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ይፈተለካሉ። ጣጣው ያለው የኋላ ጎማው ላይ ነው። ለሜዳው የሚሻለው ሰፊና ልሙጡ ነው፤ ደረቁን ምድር ቆንጥጦ መኪናዋን ያስፈነጥራታል። ለይጁቤ ጭቃ ግን ጥርስ ያለው ያስፈልጋል። ስለዚህ እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ ጎማ መቀየር ግድ ነው፤ አስማማውን ደግሞ ከሥራ ሁሉ የሚታክተው ይኸው መቀየር ነበር።

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ሰኞ፣ ልሙጡን እንዳደረገ ሰው ጭኖ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ተገለበጠች። የጎረቤቱ የገብረ ኪዳን አንድያ ልጅ፣ አሰገደች፣ እዚያው ቀረች። ዳኛው ዝናቡን ጥፋተኛ አድርጎ አስማማውን አሰናበተው።

ዛሬ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ሐምዱ መጥቶ ነበር። ልሙጦቹን የሸጠው እሱ ነውና መልስልኝ አለ፤ አስማማው ሳቀበት፤ ሐምዱም «ይኸ ጎማ አንተንም ይገድልሃል» እያለ ሲወጣ ሰፈሩ ሰማ። ሬሳው በተገኘ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐምዱ እስር ቤት ገባ። ወሬው ከፖሊስ ይፈጥናልና፣ የት ቦታ እንደሚሰቀል ሳይቀር ይወራ ጀመር። ሚስቱ ነፊሳ አንለይን ከቤቱ ደጅ አግኝታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በዚህ ከተማ ከባሌ ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም?»

አንለይ መንዳት ባያውቅም ማየት ያውቃል። ክሪኩ የቆመበትን ሳንቃ አነሣው፤ ከሥሩ ጭቃ ነበር። የቀኙ የኋላ ጎማ ተዳፋቱን መሬት ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ጨፍልቆ ሄዷል። በዱካው መጨረሻ ላይ ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ከጎማው ሥር ተወሽቋል። ግራ ጎን ጥርስ ያለው ጎማ ተፈትቶ ወድቋል፤ ልሙጡ ሊገጠም አጠገቡ ተጋድሟል።

የእሑዱ ተፎካካሪ እንዳላማው መጀመሪያ ተጠየቀ። በዝናቡም ከዝናቡ በኋላም ቤቱ እንደ ነበር፣ ያየው ሰው ግን እንደሌለ ተናገረ። ዳገት ላይ መኪናውን በምን እንደሚያቆም ሲጠየቅ ቅር አለው።

«በእጅ ፍሬን ነዋ። እኔ አዲስ አበባ ተምሬ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ ድንጋይ ለቃሚ አደረጉኝ እንዴ?»

ገብረ ኪዳንን ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ሽበቱ በሁለት ወር ውስጥ የወጣ ነው። ተኝቼ ነበር፣ የሰማሁት የለም እያለ ሳለ ሬሳውን የሚወስደው የፖሊስ ላንድሮቨር መጥቶ በሩ ላይ፣ አቀበቱ ላይ ቆመ። ገብረ ኪዳን ንግግሩን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀና ተመልሶ ቃሉን ከተወበት ቀጠለ።

አንለይ ከላንድሮቨሩ ጎማ ሥር የተወሸቀውን ድንጋይ አየ። «የመኪና ረዳት ነበሩ አያ ገብረ ኪዳን?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት፤ በጭነት መኪና፣ ዓባይ በረሃን ሽቅብና ቁልቁል።»

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ አንለይ ሰዎቹን ከፊያቷ ዘንድ ሰበሰባቸው። የብርጓል፣ እንዳላማውና ገብረ ኪዳን መጡ። ሐምዱን በካቴና አመጡት፤ ነፊሳ ከኋላው ቆመች።

«ሳንቃው ከሥሩ ጭቃ ነው» አለ አንለይ። «መኪናዋ በክሪክ የተነሣች ከዝናብ በኋላ ነው፤ ቀድማ ብትሆን የሳንቃው ሥር ደረቅ ይሆን ነበር። ሐምዱ ዝናቡ ሳይጀምር ወጥቷል፤ ሬሳው እስኪገኝ ድረስ ዝናብ ካስጠለላቸው ስድስት ሰዎች ጋር ሱቁ ነበረ። ስድስቱንም ጠይቄአለሁ።»

«እንግዲያ ክሪኩ ራሱ ከድቶት ነዋ» አለ እንዳላማው።

«እኔም እንደዚያ በሆነ ብዬ ነበር። ድንጋዩን እዩት። ጎማው መንሸራተት በጀመረበት ቢሆን አስማማው አደረገው እል ነበር። ያለው ግን መንሸራተቱ ባበቃበት ነው። መኪናዋ ከወደቀች በኋላ የተወሸቀ ድንጋይ ነው፤ ከሥር ያለ ሰው ደግሞ ድንጋይ አያነሣም። ሌላ ሰው እዚህ ነበር። ነበርሁ ያለኝ ግን የለም።»

እንዳላማው ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየ።

«ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ነው የሚሠራ። እንዳላማው ፍሬን ይስባል። ሐምዱ ይጮሃል። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሳያስብ ድንጋይ የሚወሽቅ፣ በዚያ የኖረ ረዳት ነው።» ወደ ገብረ ኪዳን ዞረ። «ትናንት ለእኛ መኪና ወሸቁልን፤ ያዘዘዎት አልነበረም።»

ገብረ ኪዳን መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«ጥርስ ያለውን ሲፈታ አየሁት። እሑድ እንደ ፈለግህ ተጫወት፣ ሰኞ ግን ሰው ስትጭን ይኸን መልሰህ አድርግ አልሁት፤ ለመንሁት። ‹አንዱ ለሁለቱም ይሆናል፣ የማን እጅ ሲፈታ ሲገጥም ይኖራል› አለኝ ከሥሯ እንደ ተጋደመ። ልጄን ከቀበርኋት ገና ሁለት ወር ነው። መኪናዋን በትከሻዬ ገፋኋት። ወዲያው ደግሞ ድንጋይ ይዤ ስሮጥ ራሴን አገኘሁት።» እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «መግፋቱን እኔ አዘዝሁ። ድንጋዩን ማን እንዳዘዘው አላውቅም።»

አንለይ ደብተሩን አወጣ። «ድንጋዩንም ከመግፋቱ እኩል እጽፈዋለሁ» አለው። «ዳኛው የሚያነበው ሁለቱንም ነው።»

የብርጓል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጎማውን ቀይርልኝ ብላ ባሏን ስንት እሑድ እንደለመነችው የምታውቀው እሷ ናት፤ ግን ለማንም አልነገረችም። ካቴናው ከሐምዱ እጅ ወጥቶ ገብረ ኪዳን እጅ ገባ። ነፊሳ የባሏን እጅ ይዛ ልትወጣ ስትል እንዳላማው ተከተላቸው፤ ዓይኑ ግን ከተጋደመው ልሙጥ ጎማ አልተነሣም።

«ሐምዱ፣ መቼም ቀኑ ባይሆንም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ልሙጥ ለኔ ኦፔል ባደርገው ምን ይመስልሃል? ወይስ ጥርስ ያለው ይሻለኛል?»

ሐምዱ ካቴና የላጠውን እጁን እያሻሸ ቆሞ አየው።

«ሰኞ ማንን እንደምትጭን አስቀድመህ ንገረኝ።»