የእትዬ ኦዩን ጣሪያ

ታኅሣሥ 11 ቀን 2171 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሳተርን በምትጓዘው መንኮራኩር የሕሙማን ክፍል ጣሪያ ላይ መሸ። ነርሶቹ አንሶላ ይቀይሩ ስለነበር ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ጣሪያውን የሣሉት እትዬ ኦዩን ናቸው። የሞንጎሊያ ሰው ነበሩ፤ ያደጉትም አርብቶ አደር ወገኖቻቸው ጠቅልለው በሚጭኑት፣ ከሱፍ በተሠራ ክብ ድንኳን ውስጥ ነው። ሥዕሉ ግን ድንኳን አይመስልም። የተደራረቡ ነጫጭ ክቦች፣ ከመሐል የሚበተኑ ቀያይ መስመሮች፣ በላያቸው ቀስ እያለች ተጉዛ ጠርዝ ላይ የምትጠፋ አንዲት ቢጫ ነጠብጣብ። የተሣለበት ቀለም ሕያው ቀለም ይባላል፤ የሠዓሊውን የእጅ እንቅስቃሴ ተምሮ የሚደግም ነው። አዲስ ሲማር የድሮውን ይረሳል።

ቀለም ጠጋኟ አስካለ አሮጊቷን ትወዳቸው ነበር። «ማዕዘን ያለው ቤት ለኩርፊያ ይመቻል፤ እኛ ቤት መደበቂያ የለም» እያሉ ያስቋታል። አሁን ግን አልጋ ይዘዋል፤ እጃቸው ማንኪያ እንኳ አያነሳም።

አስካለ የቀለም መጠገኛ መሣሪያዋን ወደ ጣሪያው ስታቀና፣ መሣሪያው ነጠብጣቧ ከመንኮራኩሯ ሰዓት ጋር እንደማትገጥም ነገራት። ቀጥሎም ጠየቀ፦

«ጉድለት ነው ወይስ የሠዓሊው ፈቃድ?»

እትዬ ኦዩን መድኃኒት ወስደው ተኝተዋል። ሕመምተኛ ደግሞ አይቀሰቀስም፤ አስካለ ያደገችው እንዲህ ሲባል እየሰማች ነው። ሥዕሌ ተበላሸ ብለው ከሚያዝኑ፣ ሲነቁ ተጠግኖ ቢያገኙት ይሻላል ብላ አሰበች።

«ጉድለት ነው» አለችው።

መሣሪያው ለቀለሙ የመንኮራኩሯን ሰዓት አስተማረው፤ ነጠብጣቧ ተመልሳ በጣሪያው መሐል ቆመች።

አሮጊቷ ሲነቁ ጣሪያውን አዩ።

«ፀሐይዋን ማን ነካት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሰዓቷ ተዛብቶ ነበር።»

«አልተዛባም። የአገሬ ሰዓት ነው።»

በድንኳኑ አናት ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ጧት ወንዶቹ በሚቀመጡበት ጎን እንደሚያርፍ፣ ሲመሽም ከእናታቸው የወተት ዕቃዎች ዘንድ እንደሚደርስ ነገሯት። አገራቸው አሁን የበረዶ ክረምት ነው፤ ቀኑ አጭር ነው።

«በየቀኑ ከእናቴ ጋር ነበር የማመሸው» አሉ።

አስካለ የነጠብጣቧን የድሮ መንገድ አታውቀውም። ቀለሙ እንደገና እንዲማር፣ የሚያውቀውን የእትዬ ኦዩንን እጅ ይዛ ወደ ጣሪያው አነሳችላቸው። ቀለሙ የተማረው መንቀጥቀጥን ብቻ ሆነ።

«ተይው፣ ልጄ። አላወቅሽም።»

አላወቀችም፤ ግን መሣሪያው እንኳ ጠይቋል። ሳይጠይቅ የፈረደው ሰው ነው።

እትዬ ኦዩን በዚያው ሳምንት አረፉ። ነጠብጣቧ በጉዞው አዛዥ ትእዛዝ በመንኮራኩሯ ሰዓት እንድትሄድ ተደረገች፤ ታካሚዎቹ የምሳ ሰዓት መድረሱን የሚያውቁት በእርሷ ነው።